ለቴክኖሎጂ ድርጅት ፒአር (የህዝብ ግንኙነት) መስራት ለምትፈልጉ፣ ከደብረ ብርሃን

እዚህ ደብረ ብርሃን ከተመረቁ ልጆች አሁንም አሁንም የሚመጣልኝ ጥያቄ ለሶፍትዌር ድርጅት ፒአር ሆኖ ለመስራት ከየት ይጀመራል የሚል ነው፣ እና ለእያንዳንዱ በኢንቦክስ ከምመልስ የማውቀውን እዚህ ልፃፈው ብዬ ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስራው ግን አሁን ብዙው ስልክ ላይ ስለሆነ እዚሁ ሆናችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ምርቱን ራሳችሁ ተጠቀሙበት። አፕ ከሆነ አውርዱት፣ ተመዝገቡበት፣ በራሳችሁ 50 ብር ክፈሉበት፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚል እዩት፣ የሚስጥር ቁጥር ስትሳሳቱ ምን እንደሚመጣ እዩት። ከዛ ፕሮግራመሩ አጠገብ ቁጭ በሉና ያልገባችሁን ጠይቁ፣ እስኪገባችሁ ድረስ ጠይቁ፣ ምክንያቱም እናንተ ያልገባችሁን ነገር ጋዜጠኛውም አይገባውም ባለሱቁም አይገባውም።

ይሄንን የተማርኩት በአንድ ቀን ነው። ድሮ የሰራሁበት ድርጅት ለእህልና ለግብርና ግብአት ሱቆች የሽያጭና የሂሳብ አፕ ነበረው፣ ማታ የጀመሩት የሰርቨር ስራ ሳያልቅ ነጋባቸው፣ ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ነበር። እኔ የፃፍኩት ማስታወቂያ «በሲስተም ማሻሻያ ምክንያት አገልግሎታችን ለጊዜው የተቋረጠ መሆኑን እየገለፅን ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ነበር፣ ሁላችንም የምናውቀው አይነት። ገበያ ወጣሁ፣ ገብስና ባቄላ የሚሸጡ አንድ እናት ስልካቸውን ወደኔ አዙረው ሂሳባቸው ላይ 0 ብር የሚለውን አሳዩኝ፣ እና «ልጄ ይሄ ሁሉ ቃል ምን ያረግልኛል፣ ብሬ አለ ወይ?» አሉኝ። ብሩ አለ። ማስታወቂያው ግን ብሩ አለ የሚል አንድ ቃል የለውም። ስድስት ሰአት ሳይሞላ «አፑ ብር እየበላ ነው» የሚል ድምፅ በየቴሌግራም ግሩፑ ሲዞር ነበር።

ማታ ቁጭ ብዬ ጠዋት መውጣት የነበረበትን እንደገና ፃፍኩት፣ እንዲህ፦ «ብራችሁ አልጠፋም። ከጠዋቱ 1 ሰአት ጀምሮ ሂሳባችሁ 0 ሆኖ እየታየ ያለው መረጃውን ወደ አዲስ ማሽን እያዛወርን ስለሆነ ነው። እስከ 6 ሰአት እንጨርሳለን ብለን እናስባለን፣ 5 ሰአት ላይ የደረስንበትን እዚሁ እንፅፋለን። አስቸኳይ ከሆነ በዚህ ስልክ ደውሉ።» እስካሁን የምሰራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፣ ሰው በጣም የፈራው ነገር ምን እንደሆነ መጀመሪያ መልሱ፣ ከዛ ምክንያቱ፣ ከዛ ሰአቱ። 5 ሰአት እንፅፋለን ካላችሁ ደግሞ ባይስተካከልም 5 ሰአት ላይ «ገና ነን» ብላችሁ ፃፉ፣ ዝም ማለት በጣም ይጎዳችኋል።

ድሮ ስራው ሆቴል አዳራሽ ይዞ ጋዜጠኛ መጥራት፣ ፎልደርና እስክሪብቶ ማደል፣ ከዛ ዜናው እስኪወጣ መጠበቅ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር፣ በ2015 ደግሞ ሳፋሪኮም ገብቶ ኤምፔሳም ሲከተል፣ የኛ አገር ሰው የቴክኖሎጂ ዜና ከጋዜጣ የሚሰማ ብቻ ሳይሆን እጁ ላይ የሚሞክር ሆነ፣ ሞክሮም ወዲያው ኮመንት የሚፅፍ ሆነ። ስለዚህ እናንተ መልስ ሰጪ ናችሁ። ቀናችሁ ግማሹ ኮመንትና ኢንቦክስ ማንበብ ነው፣ ይሄንን የማይወድ ሰው ስራውን ባይጀምረው ይሻለዋል፣ ከልቤ ነው የምላችሁ።

ያም ሆኖ ለጋዜጠኛ የሚላከው መግለጫ አልሞተም። አንድ ገፅ ይሁን፣ በአማርኛ ጀምራችሁ ፃፉት፣ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ከሩቁ ያስታውቃል። ምንድነው፣ ለማን ነው፣ ስንት ብር ነው፣ ያለኢንተርኔት በአጭር ቁጥር ይሰራል ወይ፣ የት ተሞክሮ ምን ታየ፣ ማንን እንጠይቅ፣ በቃ። «በኢትዮጵያ የመጀመሪያው» የሚለውን አውጡት፣ ሁሉም አፕ የመጀመሪያው ነው የሚባለው፣ ካላረጋገጣችሁ ደግሞ ውሸት ነው። ጥርት ያለ ፎቶ ጨምሩ፣ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ቁጥርም ጨምሩ፣ የሚያነሳ ሰው ስል ስራ አስኪያጁን ሳይሆን ስለ ምርቱ የሚያውቀውን ሰው ማለቴ ነው። ዜናው እንዲወጣ ብላችሁ ለጋዜጠኛ ፖስታ አትስጡ። ብዙ ቦታ የተለመደ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን በገንዘብ ያመጣችሁት ዜና ነገ ችግር ሲመጣ አንድ ሰው አያስረዳላችሁም።

ሌላው፣ አንድ ፅሁፍ ለሁሉም ቦታ አትለጥፉ። ቴሌግራም ቻናል ላይ አጭር ፅሁፍና ፋይል፣ ፌስቡክ ላይ ትንሽ ረዘም ያለ ከነፎቶው፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ እጅና ስልክ የሚታይበት 40 ሴኮንድ ቪዲዮ። ቪዲዮው ላይ ፅሁፍ አድርጉበት፣ ሚኒባስ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ ብዙ ነው፣ ፋይሉንም አሳንሱት፣ ሰው በገዛው ዳታ 80 ሜጋ ማስታወቂያ አያወርድም። ሬድዮንም አትናቁ፣ ገጠር ያለውን ገበሬ የምታገኙት በሱ ነው። ምሳሌያችሁም ይለያይ፣ ሸዋ ሮቢት ማሾና ሽንኩርት ለሚያመርተው እና መንዝ በግ ለሚያረባው አንድ አይነት ምሳሌ ብትሰጡ አንዱ የሌላ ሰው ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። ቆላውን በቆላው ደጋውን በደጋው።

ህጉንም እወቁት። የጥላቻ ንግግርና ሀሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት የተሰራጨን ነገር በቅጣት ከበድ አድርጎ ነው የሚያየው፣ የድርጅት ፔጅ ደግሞ እዛ ቁጥር ላይ ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ ስለ ተፎካካሪያችሁ የሰማችሁትን ነገር ሳታጣሩ ሼር እንዳታረጉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለ፣ 1321/2016፣ እና በተግባር ምን ማለት ነው፣ ደንበኛ ተናዶ ስልክ ቁጥሩንና ሂሳቡን ኮመንት ላይ ሲለጥፍ ኮመንቱን ደብቁለትና ኢንቦክስ ውስጥ አናግሩት፣ የሱን ስክሪንሾት ይዛችሁ «እነሆ መልሰናል» ብላችሁ እንዳትለጥፉ። በስማችሁ የተከፈተ የውሸት ቻናል ደግሞ መምጣቱ አይቀርም፣ «የሚስጥር ቁጥር በጭራሽ አንጠይቅም» የሚለውን ዛሬውኑ ከላይ ፒን አርጉት።

ኤአይ ለረቂቅ እጠቀማለሁ፣ አልደብቅም፣ ግን አማርኛው «ሲሆን፣ ሲሆን» ይበዛበታል፣ ቁጥርና ስም ደግሞ ከራሱ ይጨምራል፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር ከምንጩ ሳላይ አንድም ነገር አላወጣም።

ውጤት ስትለኩ ላይክ አትቁጠሩ። ስልክ የሚያነሱት ልጆች ጋ አንድ ደብተር አስቀምጡ፣ ሰው ምን ብሎ እንደጠየቀ በራሱ ቃል ይፃፍ፣ በሳምንቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ከቀነሰ ፅሁፋችሁ ሰርቷል፣ ካልቀነሰ ፅሁፉን ቀይሩት። ለቀጣዩ ሳምንት ምን እንደምትፅፉም ያ ደብተር ይነግራችኋል።

ስራ ገና ለምትፈልጉ፣ ይሄን ሳምንት ስልካችሁ ላይ ካለ አፕ አንዱን ምረጡና አንድ ገፅ ፃፉለት፣ ከዛ ሰፈር ላለው ባለሱቅ ወይ ለእናታችሁ አንብቡላቸው። ምን ማለት ነው ያሏችሁን ቃል ሁሉ በእስክሪብቶ አስምሩበት፣ ከጎኑ እነሱ የተኩትን ቃል ፃፉ፣ ከዛ እንደገና ፃፉት። ኢንተርቪው ስትሄዱ ሁለቱንም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ የተሰመረበትንም የተስተካከለውንም።