ውሃና መብራት አብረው ሲጨምሩ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንከር ክፈቱ

የውሃ ሂሳብ ብቻውን ሲጨምር የሚጠረጠረው ብዙ ነው። ውሃውም መብራቱም በአንድ ወር አብረው ካሻቀቡና ቤቱ ሮቶና ፓምፕ ካለው ግን በቀጥታ የምሄደው ወደ ሽንት ቤት ነው። የሚንጠባጠብ ቧንቧ እንደሌለ፣ ሁሉም ተዘግቶ ቆጣሪው እንደሚዞር አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ፓምፑ ይነሳል

ሌሊት ቤቱ ጸጥ ብሎ ሳለ ፓምፑ ድንገት ይነሳል። ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ይቆማል። ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ፓምፑ ተበላሸ ብሎ አዲስ ይገዛል። አንድ ፎቅ ቤት የተጠራሁት ፓምፑም፣ እሱን የሚያስነሳውና የሚያቆመው አውቶማቲኩም ከተቀየሩ በኋላ ነው። አዲሱም እንደ አሮጌው ይነሳ ነበር። ምድር ቤት ያለው የእንግዳ ሽንት ቤት ማንም ሳይገባበት ቀን ከሌሊት ይፈሳል። ጥፋቱ የአንዲት ጎማ ነበር።

ለመለየት ከፓምፑ ቀጥሎ ያለውን ጌት ቫልቭ (የመስመሩን መዝጊያ) ዝጉ። ተዘግቶም ፓምፑ ከተነሳ ውሃ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቼክ ቫልቭ ውሃውን ወደ ኋላ እየመለሰ ነው፣ እሱን ቀይሩ። ዝም ካለ ግን የሚፈሰው ቤት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ቫልቩን መልሳችሁ ክፈቱና በየሽንት ቤቱ ታንከር ስር ያለችውን ትንሽ መዝጊያ አንድ በአንድ ዝጉ። የትኛው ሲዘጋ ፓምፑ እንደተኛ ልብ በሉ።

አሁን የዚያን ታንከር ክዳን አንሱ። ውሃው የሚያመልጠው በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው ከላይ ነው። ውሃው መሃል ላይ በቆመው የትርፍ ውሃ ቱቦ አፍ ገብቶ ይወርዳል። ይህ የፍሎተሩ፣ ማለትም ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ዕቃ ጥፋት ነው። እንደ አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ አይገርምም። መስመሩ ደርቆ ቆይቶ ውሃ ሲለቀቅ ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ቀጥታ ሄዶ ፍሎተሩ ውስጥ ይሰነቀራል። ሌሊት ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል። ቀን ጠብቆ የዘጋ ፍሎተር ሌሊት ያፈሳል። ስለዚህ ቀን አይታችሁ ደህና ነው አትበሉ። መዝጊያውን ዝጉ፣ የፍሎተሩን ራስ ፍቱ፣ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ጎማ እጠቡ። ከመግጠማችሁ በፊት መዝጊያውን ትንሽ ከፍታችሁ ቆሻሻው ተገፍቶ እንዲወጣ አድርጉ። ሲከፈት ውሃው ወደ ላይ ስለሚፈናጠር በእጃችሁ ከልሉት። ውሃው ከትርፍ ቱቦው አፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም አስተካክሉ።

ሁለተኛው ከታች ነው፤ ደጋግሜ የማየውም እሱን ነው። ድምፅ የለውም። መቀመጫው ውስጥ የሚወርደው ውሃ ቀጭን ስለሆነ በዓይን አይለይም። ታንከሩ ውስጥ የቀይ ስር ውሃ ጨምሩ። ለሃያ ደቂቃ ማንም ፍላሽ አያድርግ። መቀመጫው ውስጥ ቀይ ካያችሁ የታችኛው ጎማ አይዘጋም ማለት ነው። መጠኑን ለማወቅ መዝጊያውን ዝጉና ውሃው ያለበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደወረደ እዩ። ታንከሩ የያዘው ስድስት ሊትር በአንድ ሰዓት ካለቀ በቀን 144 ሊትር፣ በወር ከ4 ሜትር ኪዩብ በላይ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚገፋው ፓምፑ ነው። መብራቱም የሚጨምረው ለዚህ ነው።

ፍላሽ ማድረጊያው ባለ ሁለት ቁልፍ ከሆነ የመሃሉን ዕቃ ወደ ግራ ትንሽ አዙራችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ አብዛኛው እንዲህ ይወጣል። ከስሩ ክብ ጎማ አለ። ዙሪያውን በጣታችሁ ዳስሱት። አሸዋ ብቻ ከያዘ ታጥቦ ይመለሳል። ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ከሠራ ደክሟል። ለጊዜው ገልብጦ መግጠም ይሠራል፣ ግን አዲስ ግዙ። ጎማው የሚያርፍበትን አፍ በአቼቶ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ። በቢላ አትፋቁት! የተጫረ ፕላስቲክ ከዚያ በኋላ ምንም ጎማ ቢገጠምለት አይዘጋም።

ጎማ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። እጠፉት፤ ነጭ መስመር ካወጣ ሱቁ ውስጥ ተዉት። እንዲህ ያለው ደረቅ ጎማ ገበያውን ሞልቶታል። ዛሬ ይዘጋል፣ ብዙ ሳይቆይ ያው ችግር ይመለሳል፤ ባለቤቱም ሠራተኛውን ይወቅሳል።

ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ታንከር ውስጥ በረኪና ወይም ሰማያዊውን የማጽጃ እንክብል አትጨምሩ። ጎማውን ይበላዋል። ውሃ ለመቆጠብ ብላችሁም ጡብ አታስገቡ። ጡቡ ይፈረፍራል፣ ፍርፋሪው ጎማው ስር ይገባል፣ ለቁጠባ የገባው ጡብ ሌት ተቀን ያስፈሳል። አሮጌው ባለ ዘጠኝ ሊትር ታንከር ካላችሁ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይበቃል። አዲሱ ባለ ሦስትና ስድስት ሊትር ምንም አይፈልግም፤ ልጆቹን ትንሿን ቁልፍ አስለምዷቸው።

ቦይለሩ ይንጠባጠባል

ከሽንት ቤቱ ሌላ የሚያስቸግሩ የቤት ዕቃዎችንም እንይ። ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ ከሴፍቲ ቫልቩ (ትርፍ ግፊት ከሚያስወጣው) ጥቂት ጠብ ቢል ጤናማ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ቀዝቅዞም ካላቆመ የመስመሩ ግፊት በዝቷል ወይም ቫልቩ ቆሻሻ ይዟል። ቫልቩን አስቀይሩ። ጠብታውን ለማቆም ቀዳዳውን በቡሽ የደፈነ ሰው አጋጥሞኛል። በጭራሽ እንዳታደርጉት! ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ታንኩ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል።

መብራት ለመቆጠብ ሙቀቱን 60 ላይ አድርጉት። ባለ 80 ሊትሩን ከ18 ዲግሪ 60 ለማድረስ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። መጨረሻው ድረስ አዙሮ ከዚያ በቀዝቃዛ ማቅጠን ትርፍ የለውም።

ልብስ ማጠቢያው ሞልቶ አይጨርስም

ውሃ እያስገባ እያስወጣ ነው። የመውጫው ቱቦ ወለል ላይ ተኝቷል። ጫፉን ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት።

ፍሪጁ አያርፍም

የበሩን ጎማ በብር ኖት ፈትኑት። በሩ ተዘግቶ ኖቱ ያለ ችግር ከተሳበ ጎማው ለቋል።

የምጣዱ ስፒና ይግላል

ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ ይህም በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፒር ነው። ተራው ስፒና 16 ብቻ ነው የሚችለው። በኤክስቴንሽን አታብሩት። ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ብሬከር ያስፈልገዋል። ስፒናው ከጠቆረ ሶኬቱንም አብራችሁ ቀይሩ፤ የላላው ሶኬት አዲሱንም ስፒና ያቃጥለዋል።