አዲስ አይጥ ከነባሯ ጋር ስታላምዱ

አገር ቤት አይጥ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ወጥመድ ነው። እዚህ አሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን ግን ስም አውጥተው ያሳድጓታል፣ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው የቤት ሥራ ይሠራሉ። እኔም በልጄ ምክንያት ገባሁበት፤ አሁን ከእሷ እኩል እወዳቸዋለሁ።

አይጥ ብቻዋን መኖር አይሆንላትም። ዕድሜዋ ደግሞ አጭር ነው፣ ከ2 እስከ 3 ዓመት ቢሆን ነው። ሁለት ከነበሯችሁ አንዷ ትሞትና ሌላዋ ጥግ ይዛ ኩርምት ትላለች። ያኔ ጓደኛ ማምጣት ግድ ነው። ግን እባካችሁ፣ ባመጣችሁበት ቀን አንድ ላይ እንዳትከቷቸው።

መጀመሪያ ጾታቸውን እዩ። ሻጩ ሁለቱም ሴት ናቸው ቢላችሁም ራሳችሁ አረጋግጡ፤ ሴቷ ገና በ5 ሳምንቷ ልታረግዝ ትችላለች፣ ካረገዘች በ3 ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፣ በአንድ ጊዜም ከ10 በላይ ልትወልድ ትችላለች። ከተቻላችሁ አንድ ሳይሆን ሁለት ትንንሽ አምጡ። እርስ በርሳቸው ስለሚጫወቱ ትልቋን እረፍት አይነሷትም።

ከዚያ ቢያንስ 2 ሳምንት ለይታችሁ አቆዩዋቸው። ሌላ ክፍል፣ ቢቻል ጓደኛ ቤት። የአይጥ የሳንባ በሽታ በአየር ይተላለፋል። ቶሎ ቶሎ የምታስነጥስ፣ ስትተነፍስ የሚያንቋርራት፣ ዐይኗና አፍንጫዋ ዙሪያ ደም የሚመስል ቀይ ነገር የሚታይባት ከሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ምግብ ስትሰጡም ከነባሯ ጀምሩ፣ አዲሶቹን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልብስ ቀይሩ።

መገናኛው ቦታ ነባሯ ረግጣው የማታውቀው ይሁን። በራሷ ቤት ከሆነ እንግዳ ሳይሆን ወራሪ የመጣባት ነው የሚመስላት። እኛ ደረቅ ባኞ ውስጥ ፎጣ አንጥፈን ነው የምናደርገው፤ ያዳልጣቸዋልና ፎጣውን አትርሱ። በመጀመሪያው ቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ጩኸት ሲሰማ ደንግጦ ያለያያቸዋል። ጩኸቱ አያስፈራችሁ። ትልቋ ትንሿን በጀርባዋ ገልብጣ ሆዷን ስታበጥራት ትንሿ ሲጥ ሲጥ ትላለች፣ ይሄ ማን አለቃ እንደሆነ መነጋገሪያቸው ነው። በኋላ እግራቸው ቆመው መገፋፋትም ያለ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለችዋ ናት። ፀጉሯ ከትከሻዋ እስከ ጭራዋ ድረስ ሲቆም፣ ጀርባዋ ሲጎብጥ፣ ከዚያ በጎኗ እየተንሸራተተች ወደ ሌላዋ ስትጠጋ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ንክሻ ነው። የእኛዋ ዳማ በመጀመሪያው ቀን ልክ እንዲህ ሆነች፤ መጠኗ እጥፍ የጨመረ ነበር የሚመስለው። ወዲያው ፎጣ መሀላቸው ጣልኩ። ፎጣ ሁሌም እጃችሁ ላይ ይኑር፣ ባዶ እጃችሁን ግን በፍጹም አታስገቡ። በንዴት ላይ ያለች አይጥ የማንን ሥጋ እንደያዘች አታይም፣ ንክሻዋም ጥልቅ ነው።

ደም ከታየ ለዚያ ቀን አቁሙ። በሚቀጥለው ቀን ባጭሩ ጀምሩ። ጎልማሳ ወንድ ሆኖ ደጋግሞ የሚያደማ ከሆነ ግን ትዕግሥት ብቻ አይበቃም፣ ስለ ማኮላሸት ሐኪም አማክሩ። ከተኮላሸ በኋላም ጠባዩ እስኪለወጥ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል።

ባኞ ውስጥ ተጠጋግተው መተኛት ሲጀምሩ ወደ ኬጁ፣ ማለትም ወደ ነባሯ የሽቦ ቤት፣ ማዛወር ይቻላል። ኬጁን ጥርግ አድርጋችሁ እጠቡት፣ ዕቃውን ሁሉ ቦታ ቀይሩት፣ የነባሯ ሽታ እንዳይቀር። መደበቂያው ሁለት በር ይኑረው፤ አንድ በር ብቻ ካለው የተሳደደችው እዚያ ውስጥ ተይዛ ትቀራለች። ውኃውን ሁለት ቦታ ስቀሉ፣ ምግቡንም በትኑት። ይህን ደግሞ ቤት በምትውሉበት ቀን አድርጉት እንጂ ሥራ ልትሄዱ ስትሉ አይሁን።

አንዳንዶቹ በ3 ቀን ይግባባሉ፣ አንዳንዶቹ ወር ይፈጅባቸዋል። ዳማ 11 ቀን ፈጅቶባታል። በ12ኛው ጠዋት ልጄ እጄን ይዛ እየጎተተች ወሰደችኝ። ሁለቱ ትንንሾች ዳማ ሆድ ሥር ገብተው፣ የአንደኛዋ ጭራ ብቻ ወጥቶ፣ ሦስቱም ተኝተዋል።