«ባንክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሞች እንዴት እንለያለን?

የአማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ «ባንክ» የሚለውን ቃል ባገኘ ቁጥር ሐሳቡ ወደ ገንዘብ ይሄዳል፤ እኛ የተዋስነው ይህንኑ ትርጉምና እንደ «የደም ባንክ» ያሉትን ቅጥያዎቹን ነውና።

ስለዚህ አስቀድመው በቃሉ ዙሪያ ያሉትን ቃላት ይመልከቱ። ወንዝ ወይም ሐይቅ ከተጠቀሰ ዳርቻ፣ በረዶ ወይም ደመና ከተጠቀሰ ክምር ማለት ነው፤ ስለ አውሮፕላን በረራ ሲነገር ግን ለመታጠፍ ወደ አንድ ጎን ማዘንበልን ያመለክታል። ግሥ ሆኖ «ኦን» ከተከተለው «ተማመነ» ብለው ይተርጉሙት።

ቀጥሎ የቃላትን ምንጭ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት ይክፈቱ። በቁጥር ተለያይተው የተመዘገቡ ቃላት ካገኙ፣ የእያንዳንዱን አመጣጥ ለየብቻ ያንብቡ፤ የእኛው «ሳለ» እንኳ ለሥዕል ሲሆን ከግዕዙ «ሠዐለ»፣ ለቢላዋ ሲሆን ከ«ሰሐለ» የመጣ ነው። የወንዙ «ባንክ» ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች የገባ ሲሆን፣ የገንዘቡ ግን «ባንካ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ደርሷል። «ባንካ» አግዳሚ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ነው፤ ገንዘብ መንዛሪዎች በመካከለኛው ዘመን የሚሠሩት በእርሱ ላይ ነበር። መክሰርን የሚገልጸው «ባንክራፕት» የተባለው ቃልም «የተሰበረ ጠረጴዛ» ከሚል የጣሊያንኛ ሐረግ የተገኘ ነው።

በዚህ ግን አይቁሙ። ወደ ኋላ ርቀው ሲሄዱ ሁለቱ ቃላት በአንድ ጥንታዊ የጀርመናውያን ሥር ይገናኛሉ፤ አግዳሚ ወንበር የሚባለው የእንግሊዝኛው «ቤንች»ም የዚያው ሥር ዘመድ ነው።