ያረጀ የባሕር ላይ የነዳጅ መስክን መልሶ ለማልማት ሲታቀድ በከርሰ ምድር ትርጓሜ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለብዙ ዓመታት ነዳጅ የተቀዳበት የባሕር መስክ እንደገና ይልማ ሲባል አዲስ የሳይዝሚክ ጥናት፣ ማለትም የድምፅ ሞገድ ወደ ከርሰ ምድር ልኮ ከሚመለሰው ምስል የሚሠራ ጥናት፣ ይካሄዳል፤ ወጣቱ ጂኦሎጂስትም ባለቀለሙን ምስል ከፍቶ ፎልቶችን፣ ማለትም ዓለቱ ተሰብሮ የተንሸራተተባቸውን መስመሮች፣ መሳል ይጀምራል። የመስኩን የግፊት መዝገብ ግን አይከፍትም። ከስህተቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ሳይዝሚክ ፎልቱ የት እንዳለ ያሳያል እንጂ ነዳጁን ያግድ ወይም ያሳልፍ እንደሆነ አይናገርም። ከፎልቱ ግራና ቀኝ ያሉ ጉድጓዶች ግፊት ለዓመታት አብሮ ሲወርድ ከኖረ፣ መስመሩ በምስሉ ላይ የቱንም ያህል ጎልቶ ቢታይ፣ ሁለቱ ወገኖች በሆነ በኩል ይገናኛሉ። የአንዱ ወገን ግፊት ሲወርድ የሌላው ባለበት ከቆየ ደግሞ በመካከላቸው አጋጅ አለ። ምርት ሳይጀመር የነዳጁና የውሃው ወሰን በሁለቱም ወገን በእኩል ጥልቀት መገኘቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚያሳልፍ ፎልት በሃያ ዓመት የምርት ዘመን እንደ ግድግዳ ሊቆጠር ይችላልና።

ይህን የምለው ራሴ ስለተቀጣሁበት ነው። በአንድ መስክ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ በፎልት የታጠረና ማንም ያልነካው የመሰለኝን ክፍል ስዬ ነበር፤ ካርታው በስብሰባ ላይ ተወደደልኝ፣ ከአሮጌ ጉድጓድ የጎን ቁፋሮም ተፈቀደ። ስንደርስበት ግፊቱ ከጎረቤት ጉድጓዶች ጋር እኩል ወርዶ አገኘነው። አጠገቤ የሚቀመጠው የሪዘርቯየር (ነዳጁን የያዘው ዓለት) መሐንዲስ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ መዝገቡም እዚያው ሕንፃ ውስጥ በወረቀት ተቀምጦ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት፣ ሞገዱ ወርዶ ለመመለስ በፈጀው ጊዜ የተለካን ምስል እንደ ጥልቀት ማንበብ ነው። በኖርዌይ የሰሜን ባሕር ክልል እ.ኤ.አ. በ1969 የተገኘው የኤኮፊስክ መስክ ጥሩ ማስተማሪያ ነው፤ ነዳጁን ከያዘው ጉልላት መሰል የዓለት እጥፋት በላይ ባሉት ንብርብሮች የሰረገው ጋዝ የድምፅ ሞገዱን ስለሚያዘገየውና ስለሚበትነው፣ የጉልላቱ አናት በምስሉ ላይ ይደበዝዛል፤ ወደ ታች የተጎተተም ይመስላል። ጀማሪው ያንን ብዥታ ፎልት ብሎ ይሰይመዋል። ተመሳሳይ ችግር ባለበት በጎረቤቱ በቫልሃል እ.ኤ.አ. በ2003 መቀበያ መሣሪያዎች ባሕር ወለል ላይ በቋሚነት ተዘርግተዋል፤ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ጋዝ እምብዛም የማያውካቸውን የሸር ሞገዶችም (ዓለቱን ወደ ጎን እያናወጡ የሚጓዙትን) ይመዘግባሉ።

ዓለቱ እንደነበረ ይቀመጣል ብሎ ማሰብም ያስከፍላል። የኤኮፊስክ ነዳጅ የሚገኘው በጠመኔ ዓለት ውስጥ ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ ጠመኔው ተጨመቀ፣ የባሕሩም ወለል ሰመጠ። መስመጡ እ.ኤ.አ. በ1984 ታወቀ፤ በ1987 መድረኮቹ በ6 ሜትር ከፍ ተደረጉ። በዚያው ዓመት ግፊቱን ለመደገፍ ውሃ ወደ ዓለቱ በስፋት ማስገባት ቢጀመርም፣ ውሃው ራሱ ጠመኔውን ስለሚያለሰልሰው መጨመቁ ወዲያው አልቆመም። ስለዚህ የ1970ዎቹ ጉድጓድ የመዘገበውን የንብርብር ጥልቀት ሳያርሙ ከዛሬው ጋር በአንድ ካርታ ማስፈር አይገባም።

የአሮጌ ጉድጓዶች ጥልቀት ከባሕር ጠለል ይሁን ከቁፋሮ መድረኩ ወለል እንደተለካ ሳያጣሩ አይጀምሩ።

ምስሉ ላይ ያልታየ ፎልት የለም ማለት አይደለም። የሞገዱ ፍጥነት በሰከንድ 3,000 ሜትር፣ ድግግሞሹ 30 ኸርትዝ ቢሆን የሞገዱ ርዝመት 100 ሜትር ይሆናል፤ ለያይቶ ማሳየት የሚችለውም የዚህን ሩብ፣ ማለትም 25 ሜትር ያህል ነው። ዓለቱን 10 ሜትር ብቻ ያንሸራተተ ፎልት በቀላሉ ሊያመልጠን ይችላል፤ ንብርብሩ ቀጭን ከሆነ ግን ምርቱን ለሁለት ለመክፈል ይበቃል።

አንድ ካርታ ብቻ ይዘው የሚመጡ ጀማሪዎችን የምጠይቃቸው ሌላ ካርታ እንዲጨምሩ ነው፦ ከዚያው መረጃ ተነሥቶ አዲሱ ጉድጓድ ባዶ የሚሆንበትን። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊትም የትኛው የግፊት መጠን ቢነበብ የመጀመሪያው ካርታቸው እንደሚወድቅ ጽፈው እንዲፈርሙ አደርጋለሁ።