የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ዲግሪ ስንት ብር ዕዳ ይሸከማል? ከመመዝገብ በፊት የሚሠራ ስሌት

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ተቀምጦ መካኒሳ ወይም አራት ኪሎ ወደሚገኝ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ለመመላለስ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የሴሚስተሩ ክፍያ ስንት እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ስሌቱ መጀመር ያለበት ከምረቃ በኋላ እጅ ላይ ከሚደርሰው ደመወዝ ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው ከእርሱ ነውና።

በመጀመሪያ ዕዳ የሚባለውን በትክክል ይለዩ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወጪ መጋራት ተማሪው ከተቀጠረ በኋላ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፍል ያደርጋል። በራስ ገንዘብ በሚማሩበት የቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ግን ክፍያው በየጊዜው ስለሚጠየቅ፣ ጉድለቱ የሚሞላው ከቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ከዘመድ ወይም ከዕቁብ ነው። ዕቁቡ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዕዳ ያለበት አይመስለውም፤ የቀረው መዋጮ ግን ብድር ስለሆነ ከዕዳው ጋር ይደመር። ከዚህ ቀደም በሌላ ትምህርት ተመርቀው የወጪ መጋራት ቀሪ ካለብዎት እርሱም ይጨመር።

ቀጥሎ ደመወዙን ያጣሩ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቁ ወንጌላውያንንና መምህራንን፣ እንዲሁም ሊያገለግሉበት የሚያስቡትን አጥቢያ ሽማግሌዎች በቀጥታ ይጠይቁ። የቤት አበል መኖሩን፣ ጡረታ መከፈሉንና ደመወዙ በወቅቱ መድረሱን ማወቅ ከደመወዙ መጠን ባልተናነሰ ያስፈልጋል፤ በኪራይ አዳራሽ የምታመልክ ወጣት አጥቢያ የአዳራሹን ኪራይ ከአገልጋዩ ደመወዝ ብታስቀድም አያስገርምም።

ለምሳሌ ያህል ጠቅላላ ደመወዙ 12,000 ብር ነው እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ያለው ደመወዝ በ30 በመቶ ተሰልቶ 1,350 ብር ስለሚቀነስለት ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። ጡረታ የሚቆረጥ ከሆነ 7 በመቶው 840 ብር ነው። የተጣራው 8,910 ብር ይሆናል። አሥራት የሚያወጣ ሰው ከጠቅላላው ነው ወይስ ከተጣራው የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ከጠቅላላው ቢያወጣ የሚቀረው 7,710 ብር ነው። ይህን መስመር ከስሌቱ የሚያስቀሩ ብዙዎች ናቸው፤ ያለ እርሱ ግን የአንድ አገልጋይ የወር ወጪ ትክክል አይወጣም።

አሁን ወደ ኋላ ያስሉ። በእኔ ግምት እንዲህ ባለ ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው የዕዳ ክፍያ ከተጣራው ገቢ አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የቤት ኪራይና አስቤዛ ከዚያ በላይ ቦታ አይተዉም። አንድ አሥረኛው 891 ብር ነው። ወለዱ በዓመት 13 በመቶ ቢሆንና በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ቢሰላ፣ በ5 ዓመት የሚመለስ 100,000 ብር ብድር በየወሩ ወደ 2,275 ብር ያስከፍላል። በመሆኑም 891 ብር የሚሸከመው ብድር ወደ 39,000 ብር ብቻ ነው። አበዳሪው ወለዱን በመጀመሪያው ብድር ላይ የሚያሰላ ከሆነ ክፍያው ከዚህ ስለሚበልጥ፣ ከመፈረምዎ በፊት የአከፋፈሉን ሠንጠረዥ በጽሑፍ ይቀበሉ።

የዲግሪውን ወጪ ሲደምሩ ከሴሚስተሩ ክፍያ ሌላ ትራንስፖርትን አይዘንጉ። ከከተማው ዳር ደርሶ መልስ በቀን 120 ብር ቢፈጅ፣ በሳምንት 5 ቀን ለ16 ሳምንት 9,600 ብር፣ በ8 ሴሚስተር ደግሞ 76,800 ብር ይሆናል። ይህ ብቻውን ከላይ ከወጣው የብድር ጣሪያ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ሥራ ለቀው የሚማሩ ከሆነ የሚያጡት ደመወዝም ወጪ ነው፤ የማታ ወይም የኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ዓመታቱን ቢያረዝምም ይህን ኪሳራ ያስቀራል።

ዲግሪውን ከአጥቢያው ውጭ፣ ለምሳሌ በድርጅት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመጠቀም ካሰቡ፣ የፕሮግራሙ ዕውቅና ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መሆን አለመሆኑን ከመመዝገብዎ በፊት ያረጋግጡ። ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለውን ዲግሪ ሌላ ቀጣሪ ላይቆጥረው ይችላል፤ ያኔ ከፍ ያለ ደመወዝ ይገኛል ተብሎ የተወሰደው ብድር መሠረቱ ይናዳል።

ወጪው ከጣሪያው ካለፈ ልዩነቱን በብድር ከመሙላት ይልቅ በዓመት የሚወስዱትን ኮርስ መቀነስ ወይም የአጥቢያዎን ድጋፍ መጠየቅ ይሻላል። አጥቢያዋ የምትከፍል ከሆነ፣ ከምረቃ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚያገለግሉ፣ በስንት ደመወዝ እንደሚቀጠሩና ቀድመው ቢለቁ ምን ያህል እንደሚመልሱ በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ።