ለተራራ ጉዞ የደም ማቆሚያ ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ

ስሜን ተራሮች ላይ ሲኬድ ጭነቱ በበቅሎ ይሄዳል፤ ተጓዡ ውኃውን ይዞ በእግሩ ይከተላል። እኔም የሕክምና ዕቃዬን ከድንኳኑ ጋር አስጭኜ ነበር። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስንወጣ ጓደኛችንን አዳለጠውና ስለታም ድንጋይ ባቱን ተረተረው። ካልሲው በደም ርሶ ጫማው ሲሞላ እያየሁ፣ ፋሻውም ጎዙም ቀድማን በሄደችው በቅሎ ላይ ነበሩ። የአንገት ልብሴን አውልቄ ቁስሉን በሁለት እጄ ተጭኜ ቆየሁ። ደሙ ቆመለት፤ ቁስሉ ጠለቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ግን በዚያ ጨርቅ ብቻ አላቆመውም ነበር።

ስለዚህ ዕቃው በራሳችሁ ጀርባ ላይ፣ በቦርሳው የላይኛው ኪስ ይሁን። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሳጥን አልወደውም፤ ብዙው ትናንሽ ፕላስተር ነው። ከፋርማሲ ሁለት ሦስት ጥቅል ጎዝ፣ ሰፊ ላስቲክ ፋሻ፣ ጓንት፣ መቀስና ማርከር ግዙ። ቱርኒኬት (ከቁስሉ በላይ ተጠምጥሞ በማጥበቅ ደም የሚያቆም ማሰሪያ) ካገኛችሁ ጨምሩ።

አስቸጋሪው ጎዙን መጠቅጠቅ ነው። ጥልቅ ቁስል ላይ ጎዝ ደርቦ ማሰር አይበቃም፤ የሚደማው የደም ሥር ታች ነው። ጓንት አድርጉ፣ ደሙ የሚመነጭበትን በጣታችሁ ፈልጉና የጎዙን ጫፍ እዚያው ላይ ተጫኑ። ሳትለቁ ቀሪውን በሌላው ጣት እየጠቀጠቃችሁ ቁስሉን እስከ አፉ ሙሉት። ከዚያ ክርናችሁን ቀጥ አድርጋችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ ተጫኑ። ቆሞ እንደሆነ ለማየት አትግለጡት፤ የረጋው ደም አብሮ ይነሳል። ደም ካሳለፈ የገባውን ሳታወጡ በላዩ ጨምራችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ በመጨረሻ በፋሻው አጥብቁት። ይህ ለእጅና ለእግር ነው፤ ደረትና ሆድ ውስጥ ምንም አይጠቀጠቅም። ቤት እያላችሁ ወፍራም የፍራሽ ስፖንጅ ቀድዳችሁ ተለማመዱ። የቡና ዱቄት የሚነሰንስ ካለ ከልክሉ፤ ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር አይረዳም።

ቱርኒኬት የሚታሰረው እጅና እግር ላይ ብቻ ነው፤ ከቁስሉ 5–7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያውን ሳይነካ፣ ደሙ እስኪቆም። በጣም ያማል፤ ቢጮኽም አታላሉለት። ሰዓቱን በማርከር ጻፉበት። ሽቦና ቀጭን ገመድ ሥጋ ስለሚቆርጡ አትጠቀሙ።

ስብራት ከሆነ በዱላና በጨርቅ እንዳለ ደግፋችሁ እሰሩት። መንገድ ላይ ወጌሻ ተጠርቶ እንዲጎተት አልስማማም።

ግጭ ከ3,500 ሜትር በላይ ነው፣ ማታ ያንቀጠቅጣል። ደም የፈሰሰው ሰው ከበረደው ደሙ መርጋት ያቅተዋልና ጋቢውን መጀመሪያ ከሥሩ አንጥፉ፣ ከዚያ አልብሱት። በቶሎም ሰው ወደ ደባርቅ ላኩ።

ጠዋት ሳትነሱ ኪሱን ለስካውቱም (አብሯችሁ ለሚጓዘው የፓርኩ ጠባቂ) ለባለበቅሎውም አሳዩአቸው፤ የሚወድቀው ቦርሳውን የያዘው ሰው ሊሆን ይችላል።