ፒኤፍኤምን ስትሰሙ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

የጣሊያን ፕሮግረሲቭ ሮክ (ረዘም ያለና የተወሳሰበ ቅንብር ያለው የሮክ ዓይነት) ሲነሳ ቶሎ የሚጠራው ስም ፕሬሚያታ ፎርኔሪያ ማርኮኒ ነው። ባጭሩ ፒኤፍኤም። ባንዱ ሚላኖ ውስጥ በ1970 ተቋቋመ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ወደዚህ ባንድ የገባሁት በተሳሳተ በር ነው። መጀመሪያ እጄ የገባው በእንግሊዝኛ የዘፈኑት አልበም ነበር። አንዴ ሰማሁትና «እነዚህማ እንግሊዞቹን የሚኮርጁ ልጆች ናቸው» ብዬ ዘጋሁት። ሁለት ዓመት ያህል ዞር ብዬ አላየሁትም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው።

ከቀላሉ ልጀምር፤ ከስሙ። «ማርኮኒ» ሲባል ብዙ ሰው የሬዲዮውን ሰውዬ ያስባል። አይደለም። ፎርኔሪያ ማርኮኒ ብሬሺያ አካባቢ፣ ኪያሪ በምትባል ከተማ የነበረ ዳቦ ቤት ነው። ፎርኔሪያ የምትለዋ ቃል የኛዋ ፉርኖ ዘመድ ናት። ፕሬሚያታ ደግሞ «ተሸላሚ» ማለት ነው። እንግዲህ የባንዱ ስም «ተሸላሚው ማርኮኒ ዳቦ ቤት» ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሙዚቃቸው ውስጥ ያለው ጨዋታ ይበልጥ ይሰማኝ ጀመር። የጣሊያን ፕሮግረሲቭ ሮክ ሲባል ኮስታራ ነገር የሚጠብቅ ሰው ይህን ጨዋታ ያልፈዋል።

አልበሙን ቆራርጦ መስማት

ይሄኛው ትልቁ ስህተት ነው። የመጀመሪያው አልበም «ስቶሪያ ዲ ኡን ሚኑቶ» ጥር 1972 ላይ ወጣ፤ «የአንድ ደቂቃ ታሪክ» ማለት ነው። «ዶቬ ኳንዶ» የሚለው ዘፈን ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የሸክላውን የመጀመሪያ ገጽ ይዘጋል፣ ሁለተኛው ሌላኛውን ገጽ ይከፍታል። ስልካችሁ ላይ ዘፈኖቹን እያደበላለቃችሁ የምትሰሙ ከሆነ ሁለተኛው ክፍል ከአንደኛው ቀድሞ ይመጣል፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም።

ከሁሉ በላይ ግን «ኢምፕሬሲዮኒ ዲ ሴቴምብሬ»ን፣ ማለትም «የሴፕቴምበር ስሜቶች»ን፣ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ስሙት። ድምፁ ዝግ ብሎ ይጀምራል። ማለዳ ነው። ሜዳው ጠል ወርዶበታል፣ ፀሐይ ገና አልወጣችም፣ አንድ ፈረስ አንገቱን ወደ ሣሩ ይዘረጋል። ዘፋኙ ለራሱ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ቀስ እያለ ሙዚቃው ይነሳል። አሁን አዝማቹ መጣ ስትሉ ዘፋኙ ዝም ይላል። በሱ ቦታ ሙግ የተባለው ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ይገባል። ያኔ ሙግ ሲንተሳይዘር ጣሊያን ውስጥ ገና ብርቅ ነበር። አዝማቹን የሚዘፍነው እሱ ነው፤ አንድም ቃል የለውም። ያንን ዝግ ያለ መግቢያ ዘላችሁ ወደ አዝማቹ ከሄዳችሁ የምትሰሙት አንድ ጥሩ የኪቦርድ ዜማ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ከሰማችሁት ግን ያ ድምፅ ሲገባ ሰውነትን ይወርራል።

የእንግሊዝኛዎቹን አልበሞች እንደ ትርጉም ማየት

ሁለተኛው አልበም «ፔር ኡን አሚኮ» በዚያው በ1972 ወጣ፤ «ለአንድ ወዳጅ» ማለት ነው። አምስት ዘፈን ብቻ ነው ያለው። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዝ ባንድ የሆኑት ኤመርሰን ሌክ ኤንድ ፓልመር ያቋቋሙት ማንቲኮር የተባለ የሙዚቃ ኩባንያ ባንዱን ለእንግሊዝኛ ሰሚ አቀረበው። አልበሙ «ፎቶስ ኦፍ ጎስትስ» ይባላል። ግጥሙን የጻፈው የእንግሊዙ ባንድ የኪንግ ክሪምሰን ገጣሚ የነበረው ፒተር ሲንፊልድ ነው። ሲንፊልድ ግን አልተረጎመም፣ አዲስ ግጥም ነው የጻፈው። «ለአንድ ወዳጅ» የነበረው ዘፈን «የመናፍስት ፎቶ» ሆነ። «ትንሽ ያህል» የሚለው ዘፈን «የሕይወት ወንዝ» ሆነ። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ግጥም አንብቦ «ጣሊያኖቹ እንዲህ ብለው ነበር» ማለት አይሆንም።

ድምፁም ይለያል። ጣሊያንኛ ቃላቱን በአናባቢ ስለሚጨርስ ድምፁ ዜማው ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። በእንግሊዝኛው ግን ልጆቹ ምላሳቸው ሲተሳሰር ይሰማል። ከ«ፔር ኡን አሚኮ» አንድ ዘፈን ብቻ፣ «ኢል ባንኬቶ»፣ እንግሊዝኛው አልበም ላይም በጣሊያንኛ ቀርቷል። ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ቁጭታ ለማወዳደር ምቹ ነው።

በ1974ም እንዲሁ ሁለት አልበም ወጣ፤ አንዱ በጣሊያንኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ። ያ የሴፕቴምበር ዘፈን በእንግሊዝኛው ላይ ስሙም ግጥሙም ተቀይሮ ገባ። አዝማቹ ግን ንክች አላለም። ቃል የለውማ!

ኮራጅ ማለት

ሜሎትሮኑ (የተቀዳ የመሣሪያ ድምፅ የሚያሰማ ኪቦርድ) እና ፍሉቱ ሲሰማ ወዲያው ኪንግ ክሪምሰን ወይም ሌላው የእንግሊዝ ባንድ ጀነሲስ ትዝ ይላል። እውነት አለው፣ መጀመሪያ ሰሞን መድረክ ላይ የክሪምሰንን ዘፈኖች ይጫወቱ ነበር። ግን «ኤ ፌስታ»ን ስሙ። ቃሉን ታውቁታላችሁ፤ ፌሽታ ነው። ምቱ የጣሊያን ገጠር ጭፈራ ምት ነው፣ የሠርግ ግቢ ያስታውሳል። የትኛው የእንግሊዝ ባንድ ነው እንዲህ የሚዘል? በ1974 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ መድረክ ላይ በተቀዳው አልበማቸው ደግሞ ማውሮ ፓጋኒ ቫዮሊኑን ይዞ ወደ ሮሲኒ ኦፔራ «ዊልያም ቴል» መግቢያ ይገባል። ሮክ ለመስማት የመጣው ሕዝብ ኦፔራ ተጋብዞ ሲጮህ ይሰማል። ይህን ኩረጃ የሚል ሰው ቫዮሊኑ እስኪጀምር አልቆየም ማለት ነው።

የዘፋኙን ድምፅ ይዞ መፍረድ

የመጀመሪያዎቹ አልበሞች ላይ ዋና ዘፋኝ የሚባል ሰው የለም። ጊታሪስቱ ፍራንኮ ሙሲዳና ሌሎቹ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ድምፃቸው ኃይለኛ አይደለም፣ ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ ነው። በ1975 ግን በርናርዶ ላንዜቲን አመጡ። በ«ቸኮሌት ኪንግስ» የምትሰሙት የሚንቀጠቀጥ፣ ጎላ ያለ ድምፅ የሱ ነው። እኔ የዘጋሁት አልበም ይሄ ነበር። አሁንም ድምፁን አልወደድኩትም፤ አልዋሽም። ግን ከበስተኋላው ፍራንዝ ዲ ቾቾ ድራሙን፣ ፓትሪክ ጂቫስ ቤዙን የሚጫወቱበትን መንገድ ስሙ። ባንዱ እንደዚያ ተጣብቆ የተጫወተበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቀጥሎ ፓጋኒ ሄደ፣ በ1977 «ጄት ላግ» ወጣ፣ ሙዚቃው ወደ ጃዝ ሮክ አዘነበለ። ብቃቱ አለ፣ ጣዕሙ ግን ቀዝቀዝ ይላል።

የ1979ኙን የመድረክ ሥራ መዝለል

ፕሮግረሲቭ ሮክ ወዳዱ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ያቆማል። ይህን ከሚዘሉ ሰዎች ጋር ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ። ፒኤፍኤም ከዘፋኝና ገጣሚው ፋብሪዚዮ ዴ አንድሬ ጋር ጣሊያንን ዞሮ ተጫወተ፤ ቅጂው ፊሬንዜና ቦሎኛ ላይ ጥር 1979 ተሠራ። ትውውቃቸው የቆየ ነው። ባንዱ ይህን ስም ከመያዙ በፊት ልጆቹ በ1970 በሰውዬው አልበም ላይ ተጫውተዋል። «ኢል ፔስካቶሬ»ን፣ ማለትም «ዓሣ አጥማጁ»ን ውሰዱ። የድሮው ቅጂ ጊታርና ፉጨት ያለው ረጋ ያለ ዘፈን ነው። የፒኤፍኤሙ ቅጂ ድራሙ ሲገባ እግርን ከመሬት ያስነሳል። ዴ አንድሬ ራሱ በእነሱ ቅንብር ለዓመታት መድረክ ላይ ሲዘፍን ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በጥቂቱ

የ1980ዎቹ አልበሞች ወደ ቀላል ሮክ ያዘነብላሉ። እነሱን ለኋላ አቆዩአቸው። ከአሥር ዓመት ዝምታ በኋላ በ1997 «ኡሊሴ» ወጣ። በ2006 የወጣው «ስታቲ ዲ ኢማጂናዚዮኔ» ዘፈን የሌለው፣ ሙዚቃ ብቻ ነው፤ ለኔ ከኋለኞቹ ይሄን የሚያህል የለም። ሙሲዳ በ2015 ተለየ። በ2017 የወጣው አልበም እንደ ድሮው በሁለት ቋንቋ ነው የመጣው። አሁንም የምላችሁ ያንኑ ነው፦ የጣሊያንኛውን ክፈቱ።